ለአንድ ሰው የተነሳ ሰማይ

ፎቶ አንሺው በትዳር ዘመኑ ሁሉ ሚስቱን የዋሻት ውሸት ተጠራቅሞ ቢመጣ አንድ የሸሚዝ ኪስ አይሞላም። ጨዋነት በዝቶበት አይደለም፤ ውሸት አይሆንለትም። ገና አፉን ሲከፍት ጆሮው ይቀላል፣ እጁ የሌለ ቁልፍ ፍለጋ ኪሱ ውስጥ ይርመሰመሳል። ሚስቱ ደግሞ እንጀራዋ የሰው ፊት ማየት ነውና ወዲያው ትይዘዋለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ኔጋቲቭ ላይ አቀርቅራ ስለነበር አመለጣት።

"ዛሬ ሌሊት ሥራ አለብኝ" አላት። "ያ ባለሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ከታች የከተማው መብራት፣ ከላይ ሰማዩ።"

"በዚህ ብርድ?"

"ምን ላድርግ፣ አዛዡ እሱ ነው።"

"ካፖርትህን ደርብ እንግዲህ። ያን ካሜራህንም አደራ በለው፤ እንደለመደው ፊልሙን ቧጭሮ ቢያመጣ እኔን እንዳትጠራኝ" አለችና ሳቀች።

እንደምትጠራ ሁለቱም ያውቃሉ። ትልቁ ካሜራ ካረጀ ወዲህ ፊልሙ ሲጠቀለል ጥቁር መስመር ጣል ያደርግበታል። እሷ ኔጋቲቩን መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘርግታ፣ ማጉያዋን ዓይኗ ላይ ደግና፣ መስመሩን በምላጭ ጫፍ እየፋቀች ታጠፋዋለች። የሳሳውን ደግሞ በሾለ እርሳስ ትሞላዋለች። ኑሯቸው ይኸው ነበር፤ እሱ ያነሳል፣ ካሜራው ይቧጭራል፣ እሷ ታጸዳለች።

ሰፈሩ "ፊት አሳማሪ" ይላታል። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት፣ እሷ እጅ ከገባ ነገር ዓለሙን ትቶ ይሄዳል። ፎቶ ልኮ የታጨ ሰው ሁሉ ባለውለታው እሷ ናት ይባላል፤ ከሠርጉ በኋላ የሚመጣው እርግማንም ለሷ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ከመንገዱ ማዶ ባለኮምፒውተሩ ፎቶ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ግን ደንበኛው ወደዚያ ተሻገረ። የቀሯቸው እድሜያቸውን እንድትቀንስላቸው የሚመጡ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው።

እሱም ባልከፋ። የከፋው ዓይኗ ነው።

መጀመሪያ ወንበር መግጨት ጀመረች። ቀጥሎ ከጎኗ የተቀመጠ ብርጭቆ በክንዷ እየጠረገች መስበር። ሐኪሙ መርምሮ የዓይን ግፊት ነው አላት። "መሃሉ ደህና ነው፣ ዙሪያው ነው እየተዘጋ ያለው። በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ማለት ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ጠብታ እንሰጥሻለን።" ባልየውን ደግሞ በር ድረስ ሸኝቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቧንቧውም መጥበቡ አይቀርም" አለው። ይህን ለሷ አልነገራትም። አለመናገር ውሸት አይባልም ብሎ ራሱን አጽናና።

በማጉያው ሥር ግን ያው የድሮዋ ናት። በቧንቧው መሃል የገባላትን ነገር ከማንም በላይ ታያለች፤ ከቧንቧው የወጣ ግን ዝሆንም ቢሆን የለም።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ሆነ። ሬዲዮው ዛሬ ሌሊት ተወርዋሪ ከዋክብት እንደ ዝናብ ይወርዳሉ አለና ሁለቱም ጣራው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

"ያውና!" ይላል እሱ።

"የቱ ጋ?"

"አለቀ። ... ያውና ሌላ፣ በግራሽ!"

አንገቷን ታዞራለች፤ እስክታዞር የለም። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ሳቀችና፣ "ተወው፣ እኔ ሳልደርስ የሚነሳ አውቶቡስ ነው" አለች። እሱም አብሯት ሳቀ። ከወረዱ በኋላ፣ አልጋ ውስጥ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ነው ሌላውን ያለችው። "አንድም ቀን አይቼ አላውቅም እኮ። ልጅ ሆነን እናታችን በጊዜ ታስተኛን ነበር። ካደግሁ በኋላ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ገባሁ። አሁን ደግሞ..." ብላ ተወችው። ሲገላበጥ አደረ።

ነገሩን ዓመቱን ሙሉ አሰላሰለው። ተወርዋሪ ኮከብ ማንንም አይጠብቅም፤ ፎቶ ግን ይጠብቃል። ሰማዩን በትልቁ ካሜራ አንስቶ የበር ያህል አድርጎ ቢያትመው፣ እሷ ቧንቧዋን ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላ ትዞረዋለች። ቢፈልግ አንድ ቀን ይፍጅባት። ኮከቡ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይህ እንዲሆን ዘንድሮ መሆን አለበት፤ ለከርሞ ቧንቧው የመርፌ ቀዳዳ ይሆን ይሆናል።

ለምን አልነገራትም? ቢነግራት "ለኔ ብለህ ብርድ አይምታህ" ትለዋለች። ፊልሙም አለ፤ ለትልቁ ካሜራ የሚሆነው ጥቅል ከተቋረጠ ቆይቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። "እሱን ለኮከብ ታባክናለህ?" ብላ ትከለክለዋለች። ደግሞም ባይሳካስ? ሁለተኛ አውቶቡስ እንዲያመልጣት አልፈለገም። ባለሆቴሉን የፈጠረው ለዚህ ነው።

ከከተማው ዳር ያለው ኮረብታ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፤ አጥሩን አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ይጠብቃል። ዘበኛው መጀመሪያ "ክልክል ነው" አለ፣ ቀጥሎ "ለምንድን ነው?" አለ፣ ሲነገረው ደግሞ በርጩማውን ይዞ መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ። ብቻውን ሲያድር የኖረ ሰው ነው፣ ወሬ ተገኘ።

"ሰማይን አንስተህ ለማን ትሸጠዋለህ?"

"አልሸጠውም። ለባለቤቴ ነው።"

"ምነው፣ ቤታችሁ መስኮት የለውም?"

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አሰረ፣ አፉን ወደ ሰማይ አቀና፣ የሌንሱን መዝጊያ ከፍቶ ተወው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ለረጅም ጊዜ ከፍተህ ትተወዋለህ፤ በዚያ መሃል በካሜራው ፊት ያለፈ ኮከብ ፊልሙ ላይ ይሰመራል። ሲይዙት ግን እንደሚያወሩት አይደለም። ከኮረብታው ሥር መንገድ አለ። የጭነት መኪና ኩርባውን ሲዞር መብራቱ ሽቅብ ይወጣና ፊልሙን ሊያቃጥለው ይመጣል። ስለዚህ መኪና በሰማ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ ሌንሱ ፊት ይደግናል፤ መኪናው ሲያልፍ ያነሳል። በዚያ ላይ ጤዛ አለ፣ በዚያ ላይ ሰዓት መጠበቅ አለ። ዓይኑ ከመንገዱ ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ሌንሱ ሲመላለስ አመሸ።

"ያውና!" ይላል ዘበኛው።

ቀና ሲል የለም።

"ኧረ ያውና! ኧረ ወይ ጉድ፣ ይኼስ ጭራ አለው! አንተ ሰውዬ፣ ሰማይ ልታነሳ መጥተህ መንገድ ታያለህ እንዴ?"

"ካሜራው ያይልኛል" አለ ፎቶ አንሺው፣ ባርኔጣውን እንደያዘ።

ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብሆን ለካ ለሰው ለማሳየት የሚደክም ራሱ ሳያይ ይቀራል እል ነበር፤ እሱ ግን ካፖርቱ ውስጥ ተኮራመተ። ፎቶ አንሺው በዚያ ብርድ የሚያስበው የሚመጣውን ዓመት ነበር። ክንዷን ይዞ መንገድ ሲያሻግራት፣ ሾርባዋን ሲያቀርብላት፣ "ማነው የገባው?" ስትለው። እንባው መጣበት። ብርዱ ነው አለ ለራሱ፤ ብርዱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሊነጋጋ ሲል ቤት ገባ። እሷ ተኝታለች። እንቅልፉ ቢያዳፋውም አላስቻለውም፤ ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልሙን አጠበው። እርጥቡን አውጥቶ አምፖል ፊት ዘረጋው። ሌንሱ ክፍት ሳለ ሰማዩ ስለዞረ ከዋክብቱ በሙሉ አጫጭር ቅስት ሆነው ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ሰልፋቸውን እያቋረጡ ደግሞ ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች፣ አንዱ ፎቶ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት፣ አንዱ ከዳር እስከ ዳር ሊደርስ ምንም ያልቀረው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር የሆነ ሲታተም ብርሃን ነው። ሰውዬው ብቻውን ሳቀ። ከልጅነቱ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም ብል አላጋነንኩም። ፊልሙን እንዲደርቅ ሰቀለው፣ ማታ አትሜ አስደንቃታለሁ አለ፣ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ።

ሲነቃ ቀትር አልፏል። ከፊት ለፊቱ ክፍል የሷ እንጉርጉሮ ይሰማል። ስታንጎራጉር ከሰማት ስንት ወሩ ነው! ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ።

"ተነሳህ? ና፣ ና እይ" አለችው። ፊቷ በርቷል። "ከተማውን ብትረሳውም ባለሆቴልህ ዛሬ ቢመጣ አታፍርም። አንተ እስክትነሳ ጨረስኩልህ።"

"ምኑን?"

"ምኑን ይላል እንዴ! ፊልምህን ነዋ። ኧረ ያ ካሜራ ዘንድሮስ አብዷል! ድሮ በርዝመቱ ነበር የሚቧጭረው፣ አሁን ደግሞ አግድም ሰያፍ ሳይል ሸነታትሮታል። ሁሉንም አንድ በአንድ ፋቅሁት። ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላልኩም።" እጇን ዘረጋችለት፤ ጣቶቿ ላይ ምላጩ የተጫነበት ቦታ ሰርጉዷል። "አየህ? እጄ አልሞተም። ዓይኔም አልሞተም። ሐኪምህ ያሻውን ይበል።"

ፊልሙን ቆራርጣ ቁራጮቹን መብራት ባለው መስታወት ላይ ደርድራቸዋለች። ጎንበስ አለ። ከዋክብቱ ተሰልፈው ይሄዳሉ። የሚያቋርጣቸው የለም። አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ሁሉም ንጹህ ነው። የተፋቀበት ቦታ እንኳ አይታወቅም፤ የሷ እጅ ነውና።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቷን አየው። ከሐኪሙ ቤት ወዲህ ያልነበረ ፊት ነው፣ ለአንድ ጠዋት ተመልሶ የመጣ። ምን ይበላት? እውነቱን ቢናገር ይህን ፊት በገዛ እጁ ሊያጠፋው ነው፤ ዝም ቢል ሰማዩ ቀረባት። ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ "እጅሽን ይባርከው" አለ።

ምሳ ቀረበ። በል በል አላለውም፤ ምግቡን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይገፋል። እሷ ግን ጨዋታ በጨዋታ ሆናለች። መሃል ላይ ጸጥ አለችና፣ "ሬዲዮውን ሰማህ?" አለች። "ሌሊቱን ከዋክብት ሲወርዱ አደሩ ይላል። የዓምናው ዓይነት። አንተ ውጭ ነበርክ፣ አይተሃል አይደል?"

አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ምናለ ባለሆቴሉ ባያዝህና እሱን ባነሳህልኝ ኖሮ" አለች ቀስ ብላ። "ፎቶ ላይ ቢሆን እኔም አየው ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያሰብኩት፣ ስሠራ። ሞኝ ነኝ፣ ቀደም ብዬ ብነግርህ..."

ይህን ጊዜ ምላሱ ቀደመው። "አንስቼልሻለሁ" አለ።

"ምን?"

"አንድ ቁራጭ ለብቻው ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ማታ ላሳይሽ ብዬ ነው።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ስንቅ እዚያው ገበታ ላይ አለቀ። አሁን የሌለ ኮከብ ከየትም አምጥቶ መውለድ አለበት።

ጨለማ ክፍል ገብቶ ዘጋ። ከተጸዱት አንዱን ሰርቆ ይዟል፣ ከመሳቢያዋ ደግሞ ጠንካራ እርሳሷን። ሌሊት አምፖል ፊት ያየውን ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ማስመሪያ አስደግፎ፣ ንጹሁ ሰማይ ላይ አንድ ሰረዘ። ሁለት። ሦስት። በትልቁ ወረቀት አተመው። ቀዩ መብራት ሥር፣ መታጠቢያው ውስጥ፣ ነጫጭ መስመሮቹ ቀስ ብለው ብቅ ሲሉ ለአፍታ ራሱም አመናቸው። ያምራሉ። ምናለበት፣ እሷ የምትፈልገው ማየት ነው አለ፤ ያየችው ምን እንደሆነ ማን ይነግራታል?

ሲመሽ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አጣብቆ መብራት አዞረበት። ክንዷን ይዞ አቀረባት። "ከግራ ጀምሪ፣ አትቸኩይ" አላት።

ማጉያዋን ይዛ ከግራው ጥግ ጀመረች። ከኮከብ ኮከብ ትሻገራለች፤ በየደረሰችበት ፈገግ ትላለች። "እንዴት በሰልፍ ይሄዳሉ!" ትላለች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። የመጀመሪያው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀረበች። ፈገግታዋ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው አልፋ እንደገና ወደ መጀመሪያው መጣች።

"እርሳስ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"መነሻው ላይ ነጥብ ጥሏል። እርሳስ ሲያርፍ እንዲህ ይጥላል፣ ስንቴ ነግሬሃለሁ።" ማጉያውን ከዓይኗ አላወረደችም። "የኔ እርሳስ ነው።"

ጎዳናው ላይ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ።

"ባለሆቴል የሚባል የለም፣ አይደል?"

"የለም።"

"ለኔ ነበር የወጣኸው።"

"ለአንቺ ነበር።"

ዞረች። በዚያች ጠባብ ቧንቧዋ ፊቱን ፈለገችው፤ አገጩን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን አገኘች። "እና ዛሬ ጠዋት የፋቅሁት..." ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። እሱም አልጨረሰላትም፤ ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

ወንበር ፈልጎ አስቀመጣት። ሊያጽናናት ብዙ ሞከረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብነግርሽ ኖሮ አይሆንም ነበር፣ ለከርሞ ሌላ ፊልም ተፈልጎ ይገኛል፣ ሐኪሙም ዓይንሽ ይቆያል ብሏል። የመጨረሻው ንጹህ ውሸት ነው። እሷ ግን አትሰማውም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

"አንተስ?" አለች ድንገት። "አንተ አይተሃቸዋል? እስኪ ንገረኝ፣ እንዴት ነበሩ?"

አፉን ከፈተ። መንገዱ ታወሰው፣ ሰዓቱ፣ ባርኔጣው፣ የዘበኛው "ያውና"። ከሌሊቱ ውስጥ አንድ እንኳ የሱ ኮከብ ፈልጎ አጣ።

"አላየሁም" አለ። "መኪና ስጠብቅ ነበር።"

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ቁጣ አልነበረባትም። ማጉያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣

"እንግዲያ በቅርብ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ" አለች። "ቧጨራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። እነዚህ እንደዚያ አልነበሩም። እንደ ፀጉር ቀጥነው ይጀምራሉ፣ እየሄዱ ይወፍራሉ፣ ከዚያ ጭልጥ ብለው ይጠፋሉ። የመጀመሪያውን ሳየው ምላጩን አስቀምጬ ነበር። ይህ ቧጨራ አይደለም አልኩ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ዓይኔ ነው አልኩ። ዓይኔ እያታለለኝ ነው፣ ቢሰማ ይሳቅብኛል፣ ሥራውም ከእጄ ይወሰዳል አልኩ። ሁለተኛውንም በደንብ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ፈራሁ፤ ማየቱን ትቼ ዝም ብዬ ፋቅሁ።"